የግራዝማች አየነው ቋጠሮ

አንድ ቀን የሚካኤል ማኅበርተኞች ጽዋ ሊጠጡ ከባለተራው ከግራዝማች አየነው ደጅ ቢደርሱ፣ ጠላ የለ፣ ዳቦ የለ፤ ሰውየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ውይ፣ ዛሬ ነው እንዴ? ረሳሁት እኮ» አሉ።

ዓምናም እንዲሁ ረስተው ነበር። የሰው ድግስ ሲሆን ግን ከቄሱ ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው። ዓምና የረሱ ጊዜ ጎረቤታቸው አያ ሽባባው «የሚካኤል ጽዋ ጦሙን አይደር» ብሎ ለራሱ ተራ ያስጠመቀውን ጠላ አወጣላቸው። የገዛ ተራው ሲመጣ ታዲያ ለዘር ካስቀመጠው ገብስ ዝቆ ደገሰ፤ ማሳው ግማሹ ጦም አደረ። ዛሬ ጠዋት ሚስቱ ጥሩዓለም፣ «ዘንድሮም የሰው ተራ ተሸክመህ ብትመጣ፣ እኔን አባቴ ቤት ፈልገኝ» ብላ ነው የሸኘችው።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ነገር የሚዳኙት ሽማግሌ፣ ወደ ግራዝማች ዞሩ። «ጽዋው እኮ እርስዎ ቤት ነው የከረመው። ባለተራው እያየው እንዲያስታውስ አይደል የምንሰጠው?»

«እንዳይሰበር ብዬ ሣጥን ቆለፍኩበት። ደግሞም እንዳልረሳ የጋቢዬን ጫፍ ቋጥሬ ነበር፤ ሚስቴ አጠበችውና ፈታችው። ምን ላድርግ፣ መርሳት እንደሁ የሰው ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ሙሴው፣ ነገር ማክረር ስለማይወዱ። «እንግዲህ አያ ሽባባው፣ ለዛሬ አንተው...»

ሰው ሁሉ ሽባባውን አየው። እሱ የታየው ጎተራው ነው።

«ይቆዩ አባቴ» አለ ሙሴውን። «ግራዝማች፣ ባለፈው ወር ድግሱ የት ነበር?»

«ቄስ እጅጉ ቤት።»

«ከዚያስ በፊት?»

«ከወንዝ ማዶ፣ በላቸው ቤት። ጠላው ቀጥኖ ነበር እንጂ ዳቦውስ ደኅና ነው።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የጋቢው ነው» አለ ሽባባው። «ጋቢ ይታጠባል፣ ይፈታል። ቋጠሮውን ከንፈርዎ ላይ ያድርጉት። በየሰው ቤት ጠላው አልገባ ባለዎ ቁጥር የራስዎ ተራ ትዝ ይልዎታል።»

ሙሴው እንኳ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። ግራዝማች ለማኅበሩ የሚያርዱትን ሙክት ሊያመጡ ተነሡ፤ ከጓሮ የት እንደታሰረ አልረሱም ነበር።

ጥሩዓለምም አባቷ ቤት አልሄደችም።