ባለ ማኅተሙ ጭንብል

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በጥፍርና በጥርስ መጣላት ሰልችቷቸው በጃርት እሾህ መጋጠም በጀመሩበት ዘመን፣ አንዲት አንድ ዓይና አህያ ነበረች። ግራ ዓይኗን በልጅነቷ የግራር እሾህ ወስዶባታል። ገደሉንም ወንዙንም የምትለየው በቀኟ ነው፤ ኑሮዋ ሁሉ በዚያች በቀረችው ዓይን ላይ ነበር።

ግጥሚያው ቀላል ነው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች በኋላ እግራቸው ይቆማሉ፤ ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው ከጃርት ጀርባ የረገፈ ረጅም እሾህ ይጨብጣሉ፤ ሦስት ጊዜ ቀድሞ የነካ ያሸንፋል። አህዪት በሁለት እግሯ መቆም እስክትለምድ ድረስ ስንት ጊዜ እንደወደቀች አትጠይቁኝ። ግን ጨዋታውን ከልቧ ወደደችው። ዕድሜዋን ሙሉ ዱላ ስትቀበል ኖራ፣ አሁን መመከትና መልሶ መንካት ስትማር ደስታዋ ወሰን አጣ።

ለታላቁ ግጥሚያ ሦስት ቀን ሲቀረው ጭንብል ልትገዛ ገበያ ወረደች። ቀበሮ ዛፍ ጥላ ሥር ዕቃውን ደርድሮ፣ አያ ጅቦ ደግሞ ከፊቱ ተገትሮ አገኘቻቸው።

«አያ ቀበሮ፣ ይኼ ጭንብል ማኅተም አለው?» አለች። ዘመዶቿ ማኅተም የሌለው ዕቃ እንዳትገዛ አስጠንቅቀዋታል።

«እንዴታ! ማኅተም የሌለው ዕቃ እኔ ጋ ምን ይሠራል? ይኸውልሽ፣ አገጩ ላይ። ደግሞ ሲያምርብሽ!»

እውነትም ክብ ማኅተም አለበት። አህዪት ደስ ብሏት ገዛች።

«የኔስ?» አለ አያ ጅቦ። «የኔ ስንት ማኅተም አለው?»

«ላንተማ አራት።»

«አምስት ያለው ስጠኝ!»

ቀበሮ ከሥር ጎትቶ አምስት ማኅተም ያለበትን አወጣለት። ጅብ ከእርሱ የበለጠ የተጠበቀ በአገሩ የሌለ መስሎት እየተንጎራደደ ሄደ።

አህዪት ወደ ቤቷ ስትመለስ በጃርት ጉድጓድ በኩል አለፈች። ጃርት ኮስታራ ናት፤ ሰላምታ እንኳ አታበዛም።

«እስቲ አሳዪኝ» አለቻት። ጭንብሉን ተቀብላ ጉቶ ላይ አጠለቀችው። ከዚያ አንድ እሾህ አነሣችና ቀኝ ዓይኑን የሸፈነውን መረብ ወጋችው። እሾሁ ምንም ሳያግደው አልፎ ጉቶው ላይ ተተከለ።

«ምነው፣ ምነው እመት ጃርት! አዲስ ዕቃዬን! ምን በደልኩሽ?» ብላ አህዪት አናፋች።

«ጉቶው ያንቺ ፊት ቢሆን ኖሮስ?»

አህዪት የቆመውን እሾህ ትክ ብላ አየችው። የገባው ልክ በቀረችው ዓይኗ ቦታ ነው።

«ማኅተም እኮ አለው» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አለው። ኤሊ ገበያው መግቢያ ላይ መዝኖ የሚመታው የሚዛን ማኅተም ነው። ክብደቱ ልክ ነው ይላል እንጂ እሾህ ይመልሳል አይልም። የሽንኩርት ጆንያ ላይም ይኸው ማኅተም አለ። ጆንያ ፊትሽ ላይ አስረሽ ትጋጠሚያለሽ?»

«ታዲያ የቱን ልመን?»

«ማን ሞከረው፣ በምን ሞከረው፣ ለምን ሥራ ሞከረው ብለሽ ጠይቂ። እሾሁ የኔ ነው፤ የት ድረስ እንደሚገባ አውቃለሁ። አሥር ጊዜ ወግቼ እምቢ ያለኝን ጭንብል በጥርሴ ምልክት አደርግበታለሁ። አንድ ንክሻ ለልምምድ ነው፤ ለግጥሚያ ሁለት ንክሻ ያለውን ነው የምትለብሺው። እንዳታምታቺው።»

ይህን ብላ ከጉድጓዷ ከቀርቀሃና ከቃጫ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ፣ ሁለት ንክሻ ያለበት ጭንብል አውጥታ ሰጠቻት።

«እመት ጃርት፣ ተቆጥቼሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አለች አህዪት እንባዋ እየወረደ። «ዓይኔን ነው ያተረፍሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ይስጥሽ።»

ጃርትን የሚያመሰግናት ብዙ አልነበረምና ፊቷን ወደ ጉድጓዷ መለሰች። «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ተለማመጂ» ብቻ አለቻት።

የግጥሚያው ቀን ለአህዪት የደረሳት አያ ጅቦ ነበር። ጭንብሉን ስታይ ደነገጠች።

«አያ ጅቦ፣ ይኼ የሚዛን ማኅተም ነው። እመት ጃርት ትሞክርልህ፤ አፍታም አይፈጅም።»

«ባለ ሁለት ንክሻዋ! እኔ በአምስት ማኅተም ስመጣ ቀናሽ አይደል?» ብሎ ሳቀባት።

ዳኛው አንበሳ «ጀምሩ!» አለ። አህዪት ሁለት ጊዜ ነካች፤ ጅብም ሁለት ጊዜ ነካ። የቀረው አንድ ነው። ጅብ ለማሸነፍ ቸኩሎ አንገቱን አስግጎ ዘሎ ገባ። ከፊቱ በቀር የሚነካ ቦታ የለም፤ ፊቱን ደግሞ በእሾሁ አልመከተም። አህዪት እሾኋን ሰነዘረች፤ ወዲያው ያ ጉቶ ትዝ አላትና ጅብን ሳትነካ እሾኋን መሬት ላይ ጣለች። የጅብ እሾህ ጭንብሏ ላይ አርፎ ተጣመመ። እርሷን አልጫራትም።

«አሸነፍኩ! አሸነፍኩ!» ብሎ ጅብ ጨፈረ።

«አሸንፈሃል» አለች አህዪት። «አሁን ጭንብልህን አውልቅና በጥፍርህ ጫን በለው።»

ጅብ ጫን አለው። ጥፍሩ ብቻ ሳይሆን መዳፉ በሙሉ በወዲያ በኩል ወጣ።

አንበሳ ቀበሮን አስጠራው። ቀበሮ ቅንጣት አላፈረም። «ጌታዬ፣ ማኅተም አለው ወይ አሉኝ፤ አለው አልኩ። የምን ማኅተም ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«መልካም» አለ አንበሳ። «እንግዲያው አንተው ልበሰውና እመት ጃርት ትሞክርብህ።»

ቀበሮ የጃርትን እሾህ አንድ ጊዜ አየ፤ ከዚያ በኋላ የታየው ጅራቱ ብቻ ነው።

ጅብ ለአሸናፊ የተዘጋጀውን ትልቅ ሙዳ ሥጋ ተቀበለ። ቆይቶ ቆይቶ እየጎተተ አምጥቶ አህዪት እግር ሥር አስቀመጠው። «እንቺ» አለ፣ ምራቁን እየዋጠ። «ዓይኔን ስላተረፍሽልኝ።» አህያ ሥጋ እንደማትበላ እንኳ አላሰበም። ነገር ግን ጅብ ሥጋውን ለሌላ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበርና አህዪት አንገቷን ደፍታ በደስታ ተቀበለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ዓይናችንንና ሕይወታችንን አደራ የምንሰጠውን ዕቃ ስንገዛ ማኅተም አለው ወይ ብለን ብቻ ሳናበቃ ማን፣ በምንና ለምን ሥራ እንደሞከረው መጠየቅ እንዳለብን፣ አዲሱን ዕቃችንን ወግቶ ጉዱን ያሳየንንም ከመቆጣት ይልቅ ማመስገን እንደሚገባን ነው።