የቅቤ ተራዋ አልቃሽ

አንድ ጊዜ ያላለቀስኩትን እንባ ሸጫለሁ። ማስታወቂያ በሚሠራ ቤት ተቀጥሬ እጽፍ በነበረበት ዘመን ነው። ወቅቱ ክፉ ነበር፤ ልጆች ከቤት ወጥተው የሚቀሩበት፣ እናቶች ፎቶ ይዘው ከጣቢያ ጣቢያ የሚንከራተቱበት። አንድ የምግብ ዘይት ነጋዴ መጣና «ሕዝቡ አዝኗል፤ እኛም አብረን እንዳዘንን የሚያሳይ ነገር ጻፉልን» አለ። ጻፍኩለት። «የእናቶች እንባ የእኛም እንባ ነው» የሚለውን ቃል ያገኘሁት ምሳዬን እየበላሁ ነው። በሬዲዮ ሲነገር የሰማ ሁሉ አለቀሰ፤ ዘይቱም ተሸጠ፤ እኔም ተመሰገንኩ።

ያን ነገር በቀጥታ ልናገረው ብሞክር አቃተኝ። ስለዚህ በምሳሌ ልንገራችሁ።

አንድ ንጉሥ ከከተማው በላይ ባለው ጋራ ራስ ላይ ግንብ ማሠራት ጀመረ። ከየቤቱ ተራ እየወጣ ጎልማሶች ድንጋይ በገመድ ይጎትቱ ነበር። ገመዱ አሮጌ ነው። አንድ ቀን ተበጠሰና ድንጋዩ ቁልቁል ተንከባልሎ ከሥር የነበሩትን ፈጃቸው። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ግንቡ የአገር ክብር ነው፤ ያለ መሥዋዕት የቆመ ግንብ የለም» አለ። ግማሹ «ገመዱ ይለወጥ፤ ካልሆነ ሥራው ይቁም» አለ። ሁለተኛውን ግን ሰው በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። ጮክ ብሎ የተናገረ አንድ አናጢ ወዲያው ታስሯል።

በዚያ ከተማ የቅቤ ተራው ትልቅ ነጋዴ ነጋድራስ አጥናፌ ነበሩ። ሹክሹክታውን ሰሙ። ሹክ የሚሉት ደግሞ ቅቤ የሚገዙት እናቶች መሆናቸውን ልብ አሉ። ጊዜ ሳያጠፉ ደብሪቱን አስጠሯት።

ደብሪቱ አልቃሽ ናት። ለቅሶ ቤት እየተጠራች ሙሾ ታወርዳለች፤ ስሙን በዚያው ጠዋት ለሰማችው ሟች እንደ እናቱ ታነባለታለች። ወላጆቿ በልጅነቷ ሞተውባት ታናሽ ወንድሟን ሽባባውን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው።

«በገበያ ቀን ከሱቄ ፊት ካለችው ድንጋይ ላይ ቆመሽ ጋራው ላይ ለሞቱት ታለቅሻለሽ» አሏት ነጋድራስ።

«ሟቾቹን አላውቃቸውም፣ ጌታዬ።»

«ሌላውንስ መቼ ታውቂው ነበር?»

ደብሪቱ በገበያው ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ድንጋይዋ ላይ ቆመችና ድምጿን አወጣች።

«ለድንጋዩ ቦታ ተገኘለት ጋራ፤
ለልጄ ማን ይስጠው የሚያርፍበት ስፍራ።»

ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ጠርገው ሲያበቁ ቅቤ ገዙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ቅቤ ቅቤ መሆኑ ቀረ። የንጉሡ በር ጠባቂ የሆነ አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ «የዚያ አመፀኛ ቅቤ ከደጄ እንዳይደርስ!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱም «ታዲያ ሽንኩርቱን በአዋጅ ላቁላላው?» አለችው። ሰውዬው ስለ ንጉሡ ክብር ሲል ሳምንቱን ሙሉ ደረቅ ሽሮ በላ። ጎረቤታቸው ደግሞ የነጋድራስን ቅቤ በሁለት ቅል እየገዛች የተረፋትን ራሷ ላይ እስኪንጠባጠብ ትቀባው ጀመር። «ምነው፣ ይሄን ያህል?» ሲሏት «እኔ የምቀባው ቅቤውን አይደለም፣ አቋሙን ነው» ትል ነበር።

አንዲት ሴት ብቻ አላለቀሰችም። ይመናሹ ትባላለች፤ መበለት ናት። አንድ ልጇ ከሞቱት መካከል ነበር።

«ስለ ልጅሽ እኮ ነው የሚለቀሰው፤ ምነው ዓይንሽ ደረቀ?» አሏት።

«ገመዱ ይለወጥ ያለው አናጢ ታስሯል» አለች ይመናሹ። «ነጋድራስ በአደባባይ ሙሾ ያስወርዳሉ፤ ዝንባቸውን እሽ ያለ የለም። የእርሳቸው ነገር እንዴት እንዲህ ቀለለ?»

«አንቺ ደግሞ! ደግ ሲሠራም ትጠረጥሪያለሽ?»

«ደግ ነገር ሲረክስ እጠረጥራለሁ።»

በሳምንቱ የልጇን ጋቢ ልታመጣ ወደ ጋራው ወጣች። ስትመለስ ለማንም ምንም አልተናገረችም። የገበያው ቀን ሲደርስ ደብሪቱ እያለቀሰች፣ ሴቶቹ ተሰልፈው ሳለ፣ ወደ ነጋድራስ ጠጋ አለች።

«ነጋድራስ፣ በቅሎዎችዎ ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው፣ እሜቴ።»

«እሰይ። የግንቡን ድንጋይ ተጭነው ጋራውን ሲወጡ አየኋቸውና በጣም ደክመው ነበር።»

ሰልፉ ተንጫጫ። ለካ ነጋድራስ በገበያ ለሙታን እያስለቀሱ በቅሎዎቻቸውን ለንጉሡ አከራይተዋል! ንጉሡም ሙሾውን ያልነካው ለዚህ ነው፤ በሙሾ ግንብ አይፈርስም፣ ያለ በቅሎ ግን አይቆምም።

ነጋድራስ ፈገግ አሉ። «እሜቴ፣ በቅሎ እኮ ወገን የላትም።»

«እርስዎስ?» አለች ይመናሹ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ ቀጥሎም ተቆጣ። ቅቤው ለጥቂት ገበያ ሳይሸጥ ዋለ። ኋላ ግን ክረምት ገባ፤ ሌላው ነጋዴ የሚያመጣው ቅቤ ሽታ ነበረው፤ የነጋድራስ ደግሞ ንጹሕ ነው። ሰው «እርሳቸውስ እርሳቸው ናቸው፤ ቅቤያቸው ምን አደረገ?» እያለ አንድ በአንድ ተመለሰ። በር ጠባቂውም ወጡ ጣመለት።

ቁጣው ግን መሄጃ አጥቶ ደብሪቱ ላይ አረፈ። ልጆች «የቅቤ እንባ» ብለው አወጡላት። ለቅሶ ቤት መጠራቷም ቀረ። «የዚህ ሟች ሱቅ የት ነው ብላ ብትጠይቀንስ?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። እርሱም ወንድሟ ሽባባው ነው። የበቅሎዎቹን ነገር እንደ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ነጋድራስንም ታዝቧል። እህቱ ግን ያላዘነችውን ታለቅሳለች ብሎ ማሰብ አልቻለም። እርሷም አልነገረችው። እንዴት ብላ ትንገረው? በዚያ ከተማ የእርሷን እንባ ከልብ የሚያከብር ከእርሱ ሌላ አልነበረም።

ድንጋይ የመጎተት ተራው ሲደርስ ሽባባው ጋራው ላይ ወጣ። ገመዱን በእጁ ዳሰሰውና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ካልተለወጠ አልጎትትም» አለ።

አለቃው ማመን አቃተው። «ይሄን ማን አስተማረህ?»

«እህቴ። በየገበያው ስታለቅስ እሰማ ነበር።»

ወዲያው ታሰረ። በዚያ አገር ሕግ፣ የታሰረን ሰው ሁለት የገበያ ሰዎች ጀምበር ሳትጠልቅ ዋስ ከሆኑት ቤቱ ሆኖ ፍርዱን ይጠብቃል። ዋስ ያጣ ግን ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ቆላ ይነዳል፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው አልታየም። ሥጋ ዘመድ ደግሞ ዋስ መሆን አይችልም።

ደብሪቱ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ነጋድራስ ነው። ሚዛናቸውን እያስተካከሉ አገኘቻቸው።

«ጌታዬ፣ ለሞቱት አስለቅሰውኛል። ይሄኛው ገና አልሞተም። ዋስ ይሁኑት።»

«ልጄ» አሏት በለሆሳስ፣ «እኔ እኮ ነጋዴ ነኝ። በመንግሥት ጉዳይ አልገባም።»

ደብሪቱ እዚያችው ድንጋይ ላይ ወጣች። ነጠላዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ግጥም ልታወጣ አፏን ከፈተች፤ ግጥም አልመጣም። «ወንድሜን ሊወስዱት ነው! ዋስ ሁኑኝ! ሰው ሁኑኝ!» ብቻ አለች። ድምጿ ተሰነጠቀ፣ ንፍጧ ከእንባዋ ተቀላቀለ፣ ፊቷ ተበላሸ። ለሰው ለቅሶ ያን ያህል ታምር የነበረች ሴት በራሷ ለቅሶ አስቀያሚ ሆነች።

«ዛሬስ የማን ቅቤ ነው?» አለ አንዱ።

«ዛሬ እንኳን ማር ሳይሆን አይቀርም። እስቲ ከኋላዋ እዩ!»

«ኧረ ድሮ ከዚህ አሳምራ ታለቅስ ነበር። ክፍያዋን ቀንሰውባት ነው!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ያቺ ቅቤ ራሷ ላይ ትቀባ የነበረችው ሴት በአጠገቧ ስታልፍ ደብሪቱ ቀሚሷን ያዘቻት። «እኔ እንኳ ዛሬ ቸኩያለሁ» ብላ ቀሚሷን አስለቅቃ ሄደች።

ይመናሹ ከሸክላ ተራው በኩል መጣች። አልሳቀችም፤ አላዘነችላትምም። ከድንጋዩ ሥር ቆማ ጠየቀቻት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ነጋድራስስ?»

«በመንግሥት ጉዳይ አልገባም አሉኝ።»

«ለእኔ ልጅ ስታለቅሺ አዝነሽ ነበር?»

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። «አይ፣ እሜቴ። አላዘንኩም ነበር። የልጅዎ ሞት ዛሬ ነው የገባኝ።»

«እንግዲህ እውነት ተናገርሽ» አለች ይመናሹ ነጠላዋን እያጠበቀች። «ውረጂ። አንድ ዋስ አግኝተሻል። ሁለተኛውን እንፈልግ።»

ሁለቱ ሴቶች ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞሩት። በጨው ተራ ለመኑ፣ በእህል ተራ ለመኑ። አንዳንዱ ይመናሹንም «አንቺንም ገዙሽ?» አላት። አንዳንዱ «ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ይቆም ነበር» አለ። ሁሉም ሌላውን ሰው ሲጠብቅ ጀምበር ጠለቀች።

ሽባባውን እጁን አስረው በገበያው መካከል አሳለፉት። እጁ የታሰረበት ገመድ አዲስ ነበር። በእህቱ አጠገብ ሲያልፍ «አይዞሽ፣ እህትዬ፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው ያለቀስሽው» አላት። እርሷም እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ጠባቂዎቹ ግን ገፍትረው አሳለፉት።

ከዓመት በኋላ መርዶው መጣ። ያን ቀን በገበያው ማንም አልሳቀም። ደብሪቱ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር፤ ሙሾ አላወረደችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ይመናሹ ከጎኗ ተቀምጣለች። ለቀስተኛው ገና ሳይበተን ነጋድራስ አጥናፌ መጡ፤ ተክዘው ቆዩና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«በሚመጣው ገበያ ድንጋይዋ ላይ ብትቆሚ ምን ይመስልሻል? አሁን እኮ የራስሽ ነው። ሰው ሁሉ ያምንሻል።»

ደብሪቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔ አልቃሽ ነኝ፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «በንግድ ጉዳይ አልገባም።»

ምሳሌው ይኸው ነው።

ነጋዴ ስለ ሕዝብ እንባ ሲያወራ ስትሰሙ ተጠራጠሩ። ያለቀሰበት ነገር ምን እንዳስከፈለው እዩ፤ በቅሎዎቹም የት እንደሚውሉ ጠይቁ። ቃሉ አምሮ ዋጋው ከቀለለ፣ የሚሸጠው ቅቤ እንጂ አቋም አይደለም። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ሁለት ዓይነት ነው። የይመናሹ ጥርጣሬ ተነሥቶ ጋራ ይወጣል፣ ከድንጋዩ ሥር ቆሞ ይጠይቃል፣ እውነት ሲያገኝም ዋስ ይሆናል። የገበያው ጥርጣሬ ግን ባለበት ቆሞ ይስቃል። ነጋዴውን መጠርጠር ሰልችቶት ወደ ቅቤው ይመለሳል፤ የተጎዳውን ሰው መጠርጠር ግን አይሰለቸውም። የሐሰት እንባ ትልቁ ጉዳቱ መታለላችን አይደለም፤ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ እንባ እንዳናምን ማድረጉ ነው።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ልጠይቅህ፤ አንባቢት ሆይ፣ ልጠይቅሽ፦ ያን ቀን ሁለተኛው ዋስ የት ነበር?

እኔ የት እንደነበርኩ አውቃለሁ። የዘይቱ ማስታወቂያ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አንዲት የሠፈሬ እናት የጠፋ ልጇን ፎቶ ይዛ ስታለቅስ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኬ ደረሰኝ። ፊቷ ተበላሽቶ ነበር፤ ቃሏም አልተያያዘላትም። የእናት ለቅሶ እንዴት እንደሚጻፍ የማውቅ ሴት ነኝና «ይሄ ደግሞ የማን ማስታወቂያ ነው?» ብዬ ለጓደኞቼ ላክሁት። ሳቅን። ሴትዮዋ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ነበረች፤ አልሄድኩም። ልጇ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የውሸቱን እንባ ጽፌ የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ፤ በእውነተኛውም የሳቅሁት እኔው ነኝ። እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።