ያልሰገደችው ቆራቢ

ፊታውራሪ ይመኑ ከተሾሙ ወዲህ አንገታቸው አልታጠፍ ብሎ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወይራ ሥር ተቀምጠው፣ ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ሁሉ እየሰገደላቸው እንዲያልፍ አዘዙ። ሕዝቡም ጅራፉን እያየ ሰገደ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ብቻ በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ ቀጥ ብላ ልታልፍ ስትል አሽከሮቻቸው ያዟት።

«ምነው? ወገብሽ ተሰብሯል?» አሏት ፊታውራሪው።

«ቆርቤ ነው ጌታዬ። የቆረበ ሰው በዕለቱ እንደማይሰግድ ያውቃሉ። ዛሬ ክርስቶስ በእኔ አለ፣ እኔም በእሱ አለሁ። እኔ ብሰግድልዎ እሱን ማሰገዴ አይደለም?»

ፊታውራሪው ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ። «እሱማ ትሑት ነው! ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል። በእውነት በአንቺ ካለ ትሕትናው የት ሄደ? ወይ ስገጂ፣ ወይ ስለ ውሸትሽ ትገረፊያለሽ።»

ሴትዮዋ ግን ነጠላዋን አስተካከለች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። ነገ ማለዳ ውኃ ይዤ መጥቼ እግርዎን አጥባለሁ። እሱ ግን እግራቸውን ያጠበላቸውን በዚያው ማታ ሥጋ ወደሙን አቀብሏቸዋል። እንግዲህ በሚመጣው እሑድ እርስዎም ይቆርቡና ሁላችንም በእሱ አንድ እንሆናለን። ብቻ ቄሱ ባለትዳርን የሚያቆርቡት ከነሚስቱ ነውና፣ በቤትዎ ካሉት ከሦስቱ እመቤቶች የትኛዋን ይዘው እንደሚመጡ ዛሬውኑ ይንገሩን።»