የውዴ ቀጠሮ ስንት ሰዓት ነው?

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የእኔ ተረት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ላም አይወጣበትም።

አስካለ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለልጇ ለውዴ ትክክለኛ የቀጠሮ ሰዓት። የዓይን ሐኪሙ ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ጠዋት ብቻ ነው። ወረቀቱ «9 ሰዓት» ስላለ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት መጣች። ለካ ወረቀቱ የሚለው የፈረንጁን ዘጠኝ ነው፤ ሐኪሙ ጠዋት ጠብቋት ሄዷል። የውዴ ግራ ዓይን ግን እየደከመ ነው።

ካርድ ክፍል ወዳለው ወደ ተዋበ ሄደች። «ወንድሜ፣ ሰዓቱን አርምልኝ።»

«አላርምም፣ እትዬ። ኮምፒውተሩ አንዱን ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላውን በፈረንጅ ያወጣል። የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን አውቄ? ፕሮግራሙን የሠሩትን ይጠይቁ።»

እነሱ ወደሚሠሩበት አምስተኛ ፎቅ ወጥታ ከሠሪዎቹ አንዱን፣ ጌታመሳይን አገኘች። «ልጄ፣ ኮድህን ቀይር። ተዋበ አላርምም አለ፤ የውዴ ሰዓት ጠፋ።»

«አልቀይርም። እኔ በአገሬ ሰዓት ነው የጻፍኩት፤ በፈረንጅ የጻፈችው ሰብለ ትቀይር።»

«ሰብለ፣ ኮድሽን ቀይሪ። ጌታመሳይ አልቀይርም አለ፤ ተዋበ አላርምም አለ፤ የውዴ ሰዓት ጠፋ።»

«አልቀይርም። ዓለም የሚጽፈው እንደኔ ነው። ለሁላችንም ደንብ ከወጣ ግን ለደንቡ እገዛለሁ።» ደግ ልጅ ናት፤ እልኋ ነው እንጂ።

ወደ አለቃቸው ገባች። «ጋሽ ደርበው፣ ደንብ ያውጡ። ሰብለ አልቀይርም አለች፤ ጌታመሳይ አልቀይርም አለ፤ ተዋበ አላርምም አለ፤ የውዴ ሰዓት ጠፋ።»

«ብቻዬን አላወጣም። ብቻዬን ያወጣሁት ደንብ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚቀረው። ተሰብስበን እንስማማ።»

«ታዲያ ተሰብሰቡዋ!»

ጋሽ ደርበው አንገታቸውን ደፉ። «ሁለት ጊዜ ጠራሁ። በሦስት ሰዓት ብል ጌታመሳይ ጠዋት መጣ፣ ሰብለ ከሰዓት በኋላ።»

እኔ ተራኪው እዚህ ላይ ልስቅ ነበር። የውዴ ዓይን ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

«ስብሰባው አልሰበሰብ አለ፤ ደንቡ አልወጣ አለ፤ ሰብለ አልቀይርም አለች፤ ጌታመሳይ አልቀይርም አለ፤ ተዋበ አላርምም አለ፤ የውዴ ሰዓት ጠፋ!» አለች አስካለ። «እንግዲያው ነገ ፀሐይ ስትወጣ ተገናኙ። እሷ እንኳ ለሁላችሁም አንድ ናት።»

በማግስቱ ጥበቃው በሩን ሲከፍት ሰብለና ጌታመሳይ ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ። ጋሽ ደርበው ፊት ተቀምጠው ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ኮዱ ውስጥ ሁሉም በሰብለ አቆጣጠር ሊጽፍ፣ ለሰው የሚሰጠው ወረቀት ግን በጌታመሳይ አቆጣጠር ሊወጣ፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚልም ሊጨመርበት ተስማሙ። ሁለቱም ትንሽ ቅር አላቸው፤ ሁለቱም ፈረሙ።

ስብሰባው ቢሰበሰብ ደንቡ ወጣ፤ ደንቡ ቢወጣ ሰብለ ቀየረች፤ ሰብለ ብትቀይር ጌታመሳይ ቀየረ፤ ጌታመሳይ ቢቀይር ተዋበ አዲስ ወረቀት ሰጠ፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት»።

አስካለ በሰዓቷ ደረሰች። ሐኪሙ የውዴን ዓይን አገላብጦ አየና «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። «ደርሳችኋል፤ ይድናል» አለ።

ተረቴን መልሱ። ዳቦው ይቅርብኝ፤ የምትመልሱበትን ሰዓት ብቻ ተስማምታችሁ ንገሩኝ።