ጦጢትና የኮምፒውተሩ ትል

አንድ ጊዜ የዱር አራዊት የምንጩን ውሃ ተራ በኮምፒውተር መያዝ ጀመሩ። ፕሮግራሙን የሠራችው እመት ጦጢት ነበረች። በጋው ሲጠና ግን ትል የሚሉት ክፉ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባና ተራውን ሁሉ አተራመሰው። አያ አንበሶ ከጥንቸል ኋላ ተሰለፈ። ጉድ ነው መቼም።

ጦጢት የትሉን ማጽጃ ፕሮግራም ለመሥራት ጎንበስ ስትል፣ ቀበሮ ወደ ጅብ ጆሮ ተጠጋች። ጦጢት የምትኖርባትን ሾላ ከተመኘቻት ቆይታለች።

«አያ ጅቦ፣ መድኃኒቱን የምትሠራው ማን ናት?»

«ጦጢት ናታ።»

«ታዲያ በሽታውን ማን ያመጣው ይመስልዎታል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ጅብ ማሰብ ስለሚያደክመው ወሬውን ሳያኝክ ዋጠው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዱሩ ሁሉ «ትሉን የምትፈለፍለው ራሷ ናት» ይል ጀመር። ትናንት ሲያመሰግኗት የነበሩ ጎረቤቶቿ እንኳ ፊታቸውን አዞሩባት።

በማግስቱ አያ አንበሶ ችሎት ተቀመጠ። ጦጢትም ተከሳ ቀረበች። ከምንጩ ከተባረረች በዚያ ደረቅ በጋ ልጆቿን ይዛ የት ትደርሳለች?

«የፕሮግራሙን አጥር ያጠርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ክፍተት ነበረው፤ ጥፋቴን አልክድም። በክፍተቱ የገባውን ጅብ ግን እኔ አልወለድኩትም።»

አያ ጅቦ ስሙ ሲነሳ ደሙ ፈላ።

«ምስክሩ እኔ ነኝ! ገበያ መንገድ ላይ ‹ጮማ› ተብሎ የተጻፈበት ፍላሽ ወድቆ አገኘሁ። ጮማው ቢወጣልኝ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ወዲያው ተራው ተተራመሰ። ይህን ተንኮል ከእሷ በቀር ማን ይሠራዋል?»

አያ አንበሶ ጢሙን ዳበሰ።

«ጮማውስ ወጣ?»

«አልወጣም» አለ ጅብ አዝኖ።

ይሄኔ አህያ ከኋላ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ጨው ጭኜ ወንዝ ማዶ ስሄድ እዚያም ያንኑ የመሰለ ‹ጮማ› የሰኩ ሁሉ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የጦጢት ፕሮግራም ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም።»

ቀበሮ ፍርዱን ሳትሰማ ሹልክ አለች። አያ አንበሶም ጦጢት ክፍተቷን እንድትደፍን፣ ጅብም ያገኘውን ሁሉ እንዳይሰካ አዘዘ። ጦጢት እፎይ ብላ እንባዋን ጠረገች፤ በደስታ ነው ያለቀሰችው። አመሻሹ ላይ ተራው ተስተካክሎ ልጆቿ ከምንጩ ጠጡ፤ ጎረቤቶቿም እያፈሩ ሰላም አሏት።

ከዚህ የምንማረው በገዛ እጃችን በር ከፍተን ሌባ ስናስገባ ጥፋቱን ቤቱን በሠራው አናጢ ላይ ማላከክ እንደማይገባን ነው።