የስመኝ የመጀመሪያዋ ደንበኛ

አንድ የጂኦግራፊ መምህር በአንዲት የገበያ ከተማ ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ ፈጠራ የሚባል አዲስ ትምህርት እንዲያስተምር ታዘዘ። መምህሩ ፈንታሁን ይባላል። ክፍል ገብቶ «እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ከእናንተ ጋር ነው የምማረው» አለ ሳይደብቅ። «በቡድን ሁኑና አንድ እውነተኛ ሥራ ጀምሩ። ስትጀምሩት ይገባናል።»

ከተማሪዎቹ መካከል ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረች። ስመኝ ጎበዝ ናት፤ ጥያቄው ከገባት መልሱ አይጠፋትም። የዚህ ትምህርት ግን ጥያቄው ራሱ አልገባት አለ። አባቷን ብትጠይቅ «ትምህርት ቤት የላክሁሽ ለንግድ ነው እንዴ?» አላት። አጎቷን ብትጠይቅ «ሰው የሚሸጠውን አይተሽ እሱኑ ሽጪ፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አላት። ሁለቱም እውነት የተናገሩ መሰላትና ይበልጥ ግራ ተጋባች።

በመጨረሻ የአጎቷን ምክር ያዘች። የሌላ ክፍል ልጆች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ድንች እየጠበሱ ሲሸጡ፣ ተማሪውም ተሰልፎ ሲገዛ አይታለች። እሷና የቡድን ጓደኛዋ ይሄይስም ድንችና ዘይት ገዝተው እዚያው በር ላይ ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ቡድኖች ተከተሉ። በሩ ድንች በድንች ሆነ፤ ሻጩ ከገዢው በለጠ። ያልተሸጠውን ራሳቸው እየበሉ ሆዳቸው ተነፋ።

«እነሱ የሠሩትን ነው የሠራነው» አለች ስመኝ። «ድንቹ ያው፣ ዘይቱ ያው፣ በሩም ያው። ታዲያ ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ ይሄይስ። «ምናልባት ሚጥሚጣ ብንነሰንስበት?»

ሚጥሚጣ ነሰነሱበት። ምንም አልተለወጠም።

በዚያው ሰሞን መምህር ፈንታሁን አንድ የታወቁ የእህል ነጋዴ ክፍል ድረስ ጋበዘ። ወይዘሮ አልጋነሽ ይባላሉ። ተማሪው ሁሉ ካፒታል ከየት እንደሚገኝ ሲጠይቃቸው ስመኝ ተነሣች።

«እትዬ፣ ድንች እየጠበስን እንሸጣለን፤ ግን አልሸጥ አለን።»

«ለማን ነው የምትሸጡት?»

«ለሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ሰው ማን ይባላል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ አልጋነሽ ግን አልሳቁም። «የምሬን ነው፣ ልጄ። አንድ ሰው ጥሪልኝ። ስሙን ንገሪኝ፤ ምን እንደቸገረውም ንገሪኝ።»

ስመኝ ዞራ ይሄይስን አየችው። «እንግዲያስ ድንቹን ተይውና መጀመሪያ ሰው ፈልጊ» አሏት።

ሰው መፈለግ ደግሞ እንዴት ነው? ስመኝ ያገኘችውን ሁሉ «ምን ቸገረህ? ምን ቸገረሽ?» እያለች መጠየቅ ጀመረች። አንዱ «ብር» አላት። ሌላው «የሂሳብ ፈተና» አላት። አንዷ ደግሞ «የቸገርሽኝስ አንቺ ነሽ!» ብላ አባረረቻት።

ስመኝ አጠገብ የምትቀመጥ እናትነሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ከገጠር መጥታ፣ ከሌሎች የገጠር ተማሪዎች ጋር በአንድ ግቢ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ታንጎላጃለች፤ ስመኝም ሰነፍ አድርጋ ነበር የምትቆጥራት። አንድ ቀን መምህር ጥያቄ ሲጠይቃት እናትነሽ ብድግ አለችና፣ ተንገዳግዳ መልሳ ተቀመጠች።

«አሞሻል እንዴ?» አለቻት ስመኝ።

«አላመመኝም። ከሰል አልቆብኝ ነው።»

«ከሰልና እንቅልፍ ምን አገናኘው?»

እናትነሽ ፈገግ አለች። «ስንቅ አለኝ፤ ሽሮውም ድርቆሹም አለ። ግን ጠዋት ወጥ ካበሰልሁ ትምህርት ይረፍድብኛል፤ ካላበሰልሁ ደግሞ ጦሜን እውላለሁ። ትናንት ከሰሉም አለቀ። ግቢያችን ያለነው ሁላችን እንዲሁ ነን፤ ሁሉም በየበሩ የየራሱን እሳት ያነዳል። እኔማ ከሰሞኑ ትምህርቱን ትቼ አገሬ ልገባ ነው።»

ስመኝ ደነገጠች። ጎን ለጎን ተቀምጠው ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ከይሄይስ ጋር ተማክረው ከየቤታቸው ትልቅ ድስት፣ ከሰልና ሽንኩርት ይዘው ወደ ተከራዮቹ ግቢ ሄዱ። ተከራዮቹ ከየስንቃቸው ሽሮ አዋጡ፤ እነሱ በምሳ ሰዓት በአንድ ድስት ሠሩ። «የድካማችንን አንጠይቅም፤ በነፃ ነው» አለች ስመኝ። ሁሉም በሉ፤ «እግዜር ይስጥልን» ብለውም አመሰገኑ። ስመኝ ልቧ ሞላ።

ነገር ግን ሰዉ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ እናትነሽም ቀረች። የስመኝ እናትም «የቤቱን ከሰል ጨረስሽው!» ብለው ተቆጡ። ስመኝ ዓለም ዞረባት። የሚሸጥ ድንች አልፈለጉም፤ በነፃ የቀረበ ወጥም ሸሹ። ታዲያ ሰው ምንድን ነው የሚፈልገው? እየተናደደች ወደ ወይዘሮ አልጋነሽ የእህል መጋዘን ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ለምን እንደቀረች ጠይቀሻታል?» አሏት።

«አልጠየቅኋትም።»

«ታዲያ የእሷን ሆድ እኔ በምን አውቃለሁ? ሂጂና እሷኑ ጠይቂያት።»

ስመኝ እናትነሽን ፈልጋ «አስቀየምሁሽ?» አለቻት።

«ኧረ በፍጹም!» አለች እናትነሽ፤ አንገቷን ደፋች። «ወጡ ይቀጥናል፣ ስመኝ። ግን በነፃ የምታበላኝን ሰው ወጥሽ ቀጠነ እላታለሁ? በየቀኑ ማመስገንም ያሳቅቃል። እኔ እኮ ምጽዋት አልጠየቅሁሽም። ለከሰል የማወጣውን ለአንቺ ልስጥሽ። ሁላችን ካዋጣን ከበፊቱ ይረክስልናል፤ ለአንቺም ድካምሽ ይተርፍልሻል።»

«ከአንቺ ብር ልቀበል?»

«ባትቀበይ ነው እንጂ የምቀረው!»

ስመኝ እያመነታች ተስማማች። እናትነሽ የመጀመሪያዋ ከፋይ ሆነች፤ ሌሎቹም ተከትለው መጡ። ስመኝ ብሩን ስትቀበል የሰረቀች ያህል ተሰማት።

በዚያኑ ቀን ምሳው ቀርቦ ገና እንደተጎረሰ ከወዲያ በኩል ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ጨው አንሶታል!» ሌላው ቀጠለ፦ «ሽሮው አልበሰለም እኮ!» እናትነሽም «ሽንኩርቱ አሯል» አለች፤ በዚህ ጊዜ አንገቷን አልደፋችም።

ይሄይስ ተበሳጨ። «አየሽ? በነፃ ስናበላ ያመሰግኑን ነበር። ዛሬ እየከፈሉ ይሰድቡናል!»

ለስመኝም ነገ ማንም የሚመጣ አልመሰላትም። በማግስቱ ግን ቀድመው መጥተው የተቀመጡት እነዚያው የተነጫነጩት ናቸው። ጨው ተስተካክሎ ነበር፤ ሽሮውም በደንብ ተንተክትኮ ነበር። በልተው ሲጨርሱ እናትነሽ ድስቱን ዘንበል አድርጋ አየችና «ጭማሪ የለም?» አለች።

ከዚያ በኋላ እናትነሽ ክፍል ውስጥ ማንጎላጀት ተወች፤ አገሬ እገባለሁ ማለቷም ቀረ። ከሌላ ግቢ ያሉ ተከራዮችም «እኛንስ አትጨምሩንም?» ብለው መጡ። መምህር ፈንታሁን ስመኝን ወደ ሰሌዳው ጠርቶ «እንግዲህ ሥራ ፈጠራ ምን እንደሆነ ለክፍሉ አስረጂልን» አላት።

ስመኝ ጠመኔውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። «መምህር፣ አሁንም በደንብ አልገባኝም። ለእናትነሽ አዝኜ ስሰጣት ሸሸችኝ፤ ስትከፍለኝ ተቆጣችኝ፤ ተቆጥታኝም ተመልሳ መጣች። እኔ የማውቀው ነገ ሽንኩርቱ ማረር እንደሌለበት ነው።»

ወዳጆቼ፣ ሥራ መጀመር የሚከብደን ብዙ ጊዜ ካፒታል ስለሌለን ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ሰው ልንሠራ እየተነሣን አጠገባችን ያለውን አንዱን ሰው ስለማናውቀው ጭምር ነው። ለሰው ማዘን መልካም ነው። ነገር ግን በሐቅ ተሠርቶ በሐቅ የተከፈለበት ሥራ ገዢውን አያሳፍረውም፤ ቀና ብሎ «ይህ ጎድሏል» የማለት መብት ይሰጠዋል። ግራ መጋባትም ነውር አይደለም፤ ነውሩ ግራ ገብቶን ሳንጠይቅ መቅረታችን ነው። እናንተስ፣ ዛሬ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ምን እንደቸገረው ታውቃላችሁ?