አለቃ የሆነችው የንስር ልጅ

ተረት ተረት፤ የወፎች ትምህርት ቤት።

እመት ንስር ልጇን መምህርት ዶሮ ዘንድ አስገባች። ልጅቷ የዓመቱን ትምህርት፣ አጥር ላይ መውጣትን፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ጨረሰችው። ከወራት በኋላ እናትየው ልትጠይቅ መጣች።

«መምህርት፣ ከአጥሩ በኋላ ምን ጨመሩላት?»

«ምን አስቸኮለዎት? ጫጩቶቹ እስኪደርሱባት አለቃ አድርጌያታለሁ፤ የረባሾችን ስም ትጽፋለች።»

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ልጄን ስም ጸሐፊ አደረጓት? ሰማዩ እኮ አናትዎ ላይ ነው!»

«ሰማይ በሥርዓተ ትምህርቱ የለም፤ ደግሞም ጫጩቶቹ ይከፋቸዋል።»

እመት ንስር ተቃጥላ፣ «ነይ ልጄ፣ እንሂድ!» ብላ ሽቅብ ተምዘገዘገች። ዞር ብላ ብታይ ማንም አልተከተላትም። ልጅቷ አጥሩ ላይ እንደተቀመጠች ጠመኔዋን አንስታ ጮኸች፤

«እማዬ፣ ውረጂ! ስምሽን ጽፌዋለሁ!»

ተረቴን መልሱ፤ ክንፏንም መልሱላት።